ቁጥርህ ስንት ነው? የአብራሪነት ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ስለ ፓይለትነት የምትልኩልን ጥያቄ ስለበዛ የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለሱ ሰጥተነዋል። መላሹ ሜሪላንድ ውስጥ በትንሽ አውሮፕላን ተማሪ በማስተማር ጀምሮ፣ ሪጅናል (ለትልልቆቹ አጭር መስመር የሚበር አነስተኛ አየር መንገድ) ላይ ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ አሁን አንድ ሜጀር (ትልቅ) አየር መንገድ ላይ የ737 ፈርስት ኦፊሰር (ረዳት አብራሪ) የሆነ የኛው ልጅ ነው። ስሜ ይቅርብኝ ስላለ ትተነዋል። ዓመተ ምህረቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። 24 ዓመቴ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ኢንስትራክተር ነኝ፣ 1,430 ሰዓት ደርሻለሁ፣ በሁለት ወር ውስጥ አየር መንገድ ለመቀጠር የሚያስፈልገውን 1,500 እዘጋለሁ። ሁለት ሪጅናሎች ተቀብለውኛል። አንዱ ቤዙ (ስራ የምጀምርበት ቦታ) ሬገን ኤርፖርት ነው፣ ከቤቴ 15 ደቂቃ፣ ግን ስትፈርም የሚሰጥ ቦነስ የለውም። ሌላው ደህና ቦነስ አለው፣ ያለ ኢንተርቪው ወደ ሜጀር የሚያሻግር ፍሎው የሚባል ነገርም አለው፣ ግን ቤዙ ሚድዌስት ነው። አባቴ ገንዘቡን ውሰድ ይለኛል፣ 30 ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ነው አልፈርድበትም። አንተ ምን ትላለህ? (አ. ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ወንድሜ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። 1,430 ሰዓት ሴስና ውስጥ ቁጭ ብሎ ተማሪ ሊገድልህ ሲሞክር መትረፍ ማለት ስለሆነ ቀላል ነገር አይደለም።

መልሱን ቀድሜ ልንገርህ፣ ሬገንን ያዝ። አሁን ለምን እንደሆነ ላስረዳህ፣ ትንሽ ስለሚረዝም ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ።

በዚህ ሙያ ሁለት ፓይለት ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቀው ደሞዝ አይደለም፣ ቁጥር ነው። ሲኒየሪቲ ነምበር። አንድ አየር መንገድ የገባህበት ቀን ቁጥር ይሰጥሃል፣ ከዛ በኋላ የትኛውን አውሮፕላን እንደምትበር፣ ቤዝህ የት እንደሆነ፣ እሁድ ታርፋለህ ወይ፣ ካፒቴን መቼ ትሆናለህ፣ ችግር ሲመጣ ማን ቀድሞ ይቀነሳል፣ ሁሉም በዛ ቁጥር ነው የሚወሰነው። ጎበዝ ስለሆንክ አይደለም፣ አለቃ ስለወደደህም አይደለም፣ ቀድመህ ስለገባህ ብቻ ነው። የመገናኛን የታክሲ ሰልፍ አስበው፣ ሱፍ የለበሰም ጫማው የተቀደደም እኩል ነው፣ ጥያቄው ስንተኛ ነህ ብቻ ነው። ችግሩ ደሞ ካምፓኒ ስትቀይር ቁጥርህ አብሮህ አይሄድም፣ ልክ ሰፈር ስትቀይር እድርህን ጥለህ እንደምትሄደው፣ በድሮው አስር ዓመት ብትከፍልም አዲሱ ሰፈር አያውቅህም፣ እንደ አዲስ ነው የምትጀምረው። ሪጅናል ላይ ካፒቴን የነበረ ሰው ሜጀር ሲገባ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሞ ጀማሪ ፈርስት ኦፊሰር የሚሆነው ለዛ ነው።

ስለዚ ዋናው ጉዳይህ የሪጅናል ቦነስ አይደለም፣ ሜጀር የምትገባበት ቀን ነው። ለአባትህ እንዲህ ብለህ አስረዳልኝ። እዚህ ሀገር የአየር መንገድ ፓይለት 65 ሲሞላው በህግ ይወርዳል (እስከ 2007 ድረስ 60 ነበር፣ በ2024 ወደ 67 ሊያሳድጉት ሞክረው አልተሳካም)። መውረጃህ የታወቀ ስለሆነ አሁን የምታባክናት አንድ ዓመት የምትቀነሰው ከመጀመሪያዋ ዓመትህ አይደለም፣ ከመጨረሻዋ ነው። የመጨረሻዋ ዓመት ማለት ደሞ ትልቅ አውሮፕላን ላይ ካፒቴን ሆነህ በሰዓት ከ400 ዶላር በላይ የምታገኝባት ነች። በወር 75 ሰዓት ብቻ ብናስበው በዓመት ከ360 ሺህ ዶላር በላይ ነው። አሁን ይሄን ከዛ ቦነስ ጋር አስተያየው። ቦነሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ገመድ አለው፣ ይህን ያህል ጊዜ ሳትቆይ ከወጣህ መልስ ይሉሃል፣ ኮንትራቱን መስመር በመስመር አንብበው።

ታዲያ ወደ ሜጀር ቶሎ የሚወስደው ምንድነው? ሪጅናል ላይ ብዙ መብረር፣ ካፒቴን መሆንና መዝገብህን ንጹህ አድርጎ መያዝ ነው። ካፒቴን ለመሆን ህጉ መጀመሪያ 1,000 ሰዓት በአየር መንገድ ደንብ ማለትም በፓርት 121 እንድትበር ይጠይቃል፣ ያስተማርክበት ሰዓት እዚህ ላይ አይሰራም። አዲስ ሰው ደሞ ሪዘርቭ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ስልክህን ይዘህ ትጠብቃለህ፣ ሲደውሉ በሁለት ሰዓት ውስጥ ኤርፖርት መገኘት ይኖርብህ ይሆናል። ሬገን አጠገብ ከሆንክ ቤትህ ሽሮህን እየበላህ ትጠብቃለህ። ሚድዌስት ከሆነ ግን ከቤትህ በሰው አውሮፕላን ባዶ ወንበር ለምነህ ትሄዳለህ፣ ስምንት ሰው በተደራረበ አልጋ የሚተኛበት ክራሽ ፓድ የሚባል ቤት ተከራይተህ ትጠብቃለህ፣ እረፍትህ ሁለት ቀን ከሆነ ግማሹ መንገድ ላይ ያልቃል። ቦነሱ እዛው ነው የሚቀረው።

ደሞ ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2009 ባፋሎ አጠገብ የኮልገን ኤር በረራ 3407 ወድቆ 50 ሰው ሞተ። ረዳት አብራሪዋ ከሲያትል ተነስታ ሌሊቱን በጭነት አውሮፕላን ተሳፍራ ነበር ኒውዋርክ ስራ የገባችው። ኮንግረስ ከዛ በኋላ በ2010 ህግ አወጣ፣ አንተ አሁን የምትቆጥራት 1,500 ሰዓት የመጣችው ከዛ ነው፣ ከ2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪም የአየር መንገድ ላይሰንስ ያስፈልገዋል ተባለ። የሚገርመው ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸው። ህጉ ሰዓት ቆጠረ፣ ድካምን በሌላ ደንብ ነው የነካካው፣ ኮሚዩትን (ከቤትህ ቤዝህ መመላለሱን) ግን ለራስህ ነው የተወው። ስለዚ ራስህ አስብበት።

ስለ ፍሎው ደሞ። ኤንቮይ፣ ፒኤስኤ እና ፒድሞንት የሚባሉት ሪጅናሎች የአሜሪካን አየር መንገድ ግሩፕ ንብረት ስለሆኑ ፓይለቶቻቸው ተራ ሲደርሳቸው ያለ ኢንተርቪው ወደ አሜሪካን ይሻገራሉ። ዩናይትድ አቪዬት፣ ዴልታ ፕሮፔል የሚሉት የራሳቸው መንገድ አላቸው። ጥሩ ነገር ነው፣ አልጠላውም፣ ግን ፍሎው ወንዝ ነው፣ ፍጥነቱ የሚወሰነው ታች ያለው ሰው ስንት እንደሚቀዳ ነው። በ2022 እና 2023 ሁሉም እየተሻማ ይቀጥር ነበር፣ በ2024 ቦይንግ አውሮፕላን በጊዜ ማስረከብ ሲያቅተው ብዙዎቹ ቅጥሩን ቀነሱት፣ ያኔ "በሁለት ዓመት ትሻገራለህ" የተባለው ልጅ አሁንም ሰልፍ ላይ ነው። ፍሎው ቢኖርህም ባይኖርህም ለሁሉም ሜጀር ማመልከቻህን አስገብተህ በየጊዜው እያደስክ ጠብቅ። ሪጅናል ራሱ ሊሞትብህ እንደሚችልም አትርሳ፣ በ2020 ብቻ ኮምፓስ፣ ትራንስ ስቴትስ እና ኤክስፕረስጄት በረራ አቁመዋል፣ ስንትና ስንት ዓመት የተጠበቀ ቁጥር ባንድ ጊዜ ወረቀት ሆኖ ቀረ።

የኔን ስህተት ልንገርህና ልጨርስ። ሪጅናል ላይ ካፒቴን ሁን ተብዬ ተራዬ ሲደርስ እምቢ አልኩ። ምክንያቴ ምን መሰለህ፣ ፈርስት ኦፊሰር ሆኜ ቅዳሜና እሁድ ማረፍ ጀምሬ ነበር፣ ካፒቴን ከሆንኩ እንደገና ከታች ሪዘርቭ ልሆን ነው፣ ትንሽ ልቆይ አልኩ። አብሮኝ የተቀጠረው ጓደኛዬ ግን እያማረረ ወሰደው። እሱን ሜጀሮቹ ከኔ ሁለት ዓመት ቀድመው ጠሩት። ዛሬ አንድ ካምፓኒ ውስጥ ነን፣ በኔና በሱ መሃል ከሶስት ሺህ በላይ ሰው አለ። እሱ ፋሲካን ይመርጣል፣ እኔ የተረፈውን እበራለሁ። ስለዚ ካፒቴን ሁን ሲሉህ እሺ በል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሲያትል ነው የምኖረው፣ የሶስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ልጄ 18 ሆኖታል፣ ዩኒቨርሲቲ አልገባም ፓይለት ነው የምሆነው አለኝ። ዲግሪ አያስፈልግም ይላል። እኔ ለዚህ ነው እንዴ ሌሊት ሌሊት የሰራሁት? ገንዘቡም ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ነው አሉ። እውነት ያለ ዲግሪ ትልቅ አየር መንገድ ይቀጥሩታል? (ወ/ሮ ሰ.)

መልስ፦ እትዬ፣ ልጅዎ አልዋሸም። ዴልታ እስከ 2022 መጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪ ግዴታ ያደርግ ነበር፣ ያን አንስቶታል፣ ሌሎቹ ትልልቆቹም ግዴታ አያደርጉም። ግን እርስዎም ልክ ነዎት፣ ቅጥር ሲቀዛቀዝ ሁለት እኩል ሰው ከቀረበ ዲግሪ ያለው ይቀድማል፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ይሄ ሙያ በአንድ የዶክተር ወረቀት የሚቆም ሙያ ስለሆነ ሌላ መውጫ ቢኖረው እኔም ደስ ይለኛል።

ሁለታችሁንም የሚያስታርቅ መንገድ አለ። የአቪዬሽን ዲግሪ ከተፈቀደለት ትምህርት ቤት የወሰደ ልጅ 1,500 ሰዓት መጠበቅ አይኖርበትም፣ በ1,000 ሰዓት፣ የሁለት ዓመት ዲግሪ ከሆነ በ1,250 ሰዓት፣ 21 ዓመት ከሞላው ረዳት አብራሪ ሆኖ መቀጠር ይችላል። እዛው ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ኤለንስበርግ ያለው ሴንትራል ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የአቪዬሽን ትምህርት አለው፣ ሂዳችሁ አነጋግሯቸው። ሆራይዘን የሚባለው ሪጅናል ደሞ ከቤታችሁ በር ላይ ነው ያለው፣ ባለቤቱ አላስካ ኤር ግሩፕ ነው፣ ልጁ ከሲያትል ሳይነቀል ሊያድግበት የሚችል ነገር ነው።

ግን እባክዎ አንድ ነገር፣ አንድ ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት ፈርስት ክላስ ሜዲካል የሚባለውን ምርመራ ያድርግ። ከዛ በፊት ደሞ በልጅነቱ ያየው ሐኪም፣ የወሰደው መድኃኒት፣ በተለይ የትኩረት ችግር ወይ የድብርት መድኃኒት ከነበረ፣ ከአቪዬሽን ሐኪም ጋር ቀድማችሁ ተማከሩ፣ ዝም ብሎ ገብቶ ፎርም እንዳይሞላ። እኛ ቤት ደሞ እንዲህ ያለውን ለሰው አናወራም አይደል፣ ይሄ ግን የሚደበቅ አይደለም። ሰማንያ ሺህ ዶላር ከፍሎ ሜዲካሉ ላይ የቆመ ልጅ አውቃለሁ፣ እናቱን ማየት ከበደኝ።

ጥያቄ፦ ሁለት ቼክራይድ (የበረራ ፈተና) ወድቄያለሁ፣ ኢንስትሩመንት (በመሳሪያ እየተመሩ መብረር) እና ኮሜርሻል (ተከፍሎህ መብረር)። ማመልከቻ ላይ ልተወው ወይስ ልጻፈው?

መልስ፦ ጻፈው። አየር መንገዶች ከመቅጠራቸው በፊት የፓይለት ሪከርድ ዳታቤዝ ላይ ገብተው ያያሉ፣ የምትደብቀው ነገር የለም። እኔም ኢንስትሩመንት ወድቄያለሁ፣ ኢንተርቪው ላይ ጠየቁኝ፣ ምን እንዳበላሸሁና እንዴት እንዳስተካከልኩት በሁለት ደቂቃ ነገርኳቸው፣ አለፈ። መርማሪው ጥሎኝ ነው፣ ንፋስ ነበር ምናምን ብለህ ከጀመርክ ግን ያኔ ነው የምትወድቀው። ሶስተኛ ግን አትጨምር።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለወንድሜ። 36 ዓመቴ ነው፣ በዲቪ ነው ዳላስ የመጣሁት። ሀገር ቤት መጀመሪያ ኪው400 ከዛ 737 ላይ ፈርስት ኦፊሰር ነበርኩ፣ በጠቅላላ 3,200 ሰዓት አለኝ። እዚህ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ኡበር ነው የምነዳው። ከኤርፖርት የማነሳቸው ሰዎች ዩኒፎርም ለብሰው ሲገቡ ሆዴ ይላወሳል። ላይሰንሴ እዚህ አይሰራም ሲሉኝ ተውኩት። እውነት ከዜሮ ነው የምጀምረው? (የቀድሞ ባልደረባ)

መልስ፦ ካፒቴን ልበልህ፣ ከዚህ በፊት ባትባልም ትባላለህ።

ከዜሮ አይደለም። ማን እንደነገረህ አላውቅም ግን ግማሹን ነው የነገረህ። የውጭ ላይሰንስህን ይዘህ ሄደህ "ቀይሩልኝ" ብትል የሚሰጡህ በሱ ላይ የተመሠረተ የግል አብራሪ ወረቀት ነው፣ ደሞዝ አያበላም። ሰዎች እዚህ ጋር ነው ተስፋ የሚቆርጡት። የአየር መንገድ ላይሰንሱ (ኤቲፒ የሚባለው) ግን ሌላ በር አለው፣ የሌላ ሀገር ኤቲፒ ያለው ሰው ወይም ኮሜርሻል ከኢንስትሩመንት ጋር ያለው ሰው በቀጥታ ለአሜሪካው ኤቲፒ መፈተን ይችላል፣ እዚህ ግል ኮሜርሻል እያልክ አንድ በአንድ መድገም አይጠበቅብህም። የበረርካት ሰዓትም ሰዓት ናት፣ አዲስ አበባ መቀሌ ብትሆንም ትቆጠራለች።

የምታደርገው እንዲህ ነው። ሎግቡክህን አውጣና 1,500ው ውስጥ ያሉትን ክፍልፋዮች ፈትሽ፣ 500 ክሮስ ካንትሪ (ከቦታ ቦታ ርቆ የተበረረ)፣ 100 የሌሊት፣ 75 ኢንስትሩመንት አንተ ጋ ሞልቶ ተርፏል። ሰው የሚያዝበት 250 ሰዓት ፒክ (አውሮፕላኑን በኃላፊነት ራስህ ያዘዝክበት) የምትለዋ ናት፣ ከአካዳሚ በቀጥታ የቀኝ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ብቻውን የበረረው ትንሽ ነዋ። እዚህ ላይ ህጉ በካፒቴን ክትትል ስር የካፒቴኑን ስራ እየሰራህ የበረርከውንም ይቀበላል፣ ስለዚ እንደዛ ተብሎ የተመዘገበልህ ካለ ፈልገው፣ ከሌለ ትንሽ አውሮፕላን ተከራይተህ ቀዳዳዋን ትሞላለህ። ቀጥሎ ሜዲካል፣ ቀጥሎ ኤቲፒ ሲቲፒ የሚባለው ኮርስ፣ 30 ሰዓት ክፍል 10 ሰዓት ሲሙሌተር ነው፣ ከዛ የጽሁፍ ፈተና፣ ከዛ ቼክራይድ። ብዙ ሪጅናሎች ኮርሱንና ቼክራይዱን በራሳቸው ወጪ በስልጠናው ውስጥ ያሰሩሃል፣ ስለዚ ከኪስህ ከመክፈልህ በፊት ጠይቃቸው። ዜጋ ስላልሆንክ የቲኤስኤ (የትራንስፖርት ደህንነት መስሪያ ቤቱ) ፈቃድም አለ፣ ጊዜ ስለሚወስድ ቀድመህ ጀምረው።

እውነተኛው ችግርህ ላይሰንስ ሳይሆን ሁለት ዓመት አለመብረርህ ነው። ቀጣሪ መጀመሪያ የሚያየው ባለፈው 6 ወርና 12 ወር ስንት በረርክ የሚለውን ነው። ከኡበሩ ላይ እየቆጠብክ በወር ጥቂት ሰዓትም ቢሆን ብረር፣ ኢንስትሩመንትህን አድስ።

አንድ የምትቸገርበት ነገር ልንገርህ፣ ቴክኒኩ አይደለም፣ ኩራት ነው። ሀገር ቤት መሰላሉ አንድ ቤት ውስጥ ነው፣ ኪው400 ትጀምራለህ 737፣ 787፣ 777፣ ኤ350 እያልክ እዛው ታድጋለህ። እዚህ መሰላሉ ቤት ለቤት ነው። 737 በርሬ እንዴት 76 ወንበር ኢምብራየር ላይ ከ23 ዓመት ልጅ ጋር ሪዘርቭ እቀመጣለሁ ትላለህ። ተቀመጥ። ደሞዙም እንደ ድሮው አይደለም፣ በ2022 ኤንቮይ ለጀማሪ በሰዓት 90 ዶላር ካደረገ ወዲህ ሌሎቹም ተከትለዋል፣ በወር 75 ሰዓት ብትበር በዓመት 81 ሺህ ነው። ከ36 እስከ 65 ደሞ 29 ዓመት አለህ፣ ሰልፉ ላይ አሁኑኑ ቁም።

ጥያቄ፦ አትላንታ ነኝ። ባለቤቴ ሪጅናል ከገባ ዓመት ከስምንት ወር ሆነው። ቤዙ ኒውዮርክ ነው፣ ቤት የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው። ልጃችን ሁለት ዓመቷ ነው፣ በስልክ ነው አባቷን የምታውቀው ብል ማጋነን አይሆንም። ባለፈው የፈረንጅ ገና ብቻችንን ነበርን፣ ሚያዝያም ሰርግ አለብን አይመጣም ብዬ ከወዲሁ ተናድጃለሁ። ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው? (ማ.)

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽን ስለማውቀው አይደለም ግን የኔም ሚስት ይሄን ደብዳቤ ልትጽፈው ትችል ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀስ እያለ ይሻላል፣ ከዛ ሜጀር ሲገባ አንድ ጊዜ ደሞ ይብሳል ምክንያቱም ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል፣ ከዛ ነው በደንብ የሚሻለው። ሜጀር ሲገባ ቤዙ አትላንታ የሆነ ቢሆን ህይወታችሁ ሌላ ይሆናል፣ ስለዚ የት ነው የምታመለክተው የሚለው የሱ ብቻ ውሳኔ አይሁን፣ ቁጭ ብላችሁ ካርታ አይታችሁ ወስኑ። ከተማ መቀየሩ የማይሞከር ካልሆነ ደሞ አስቡበት፣ ሰዉ "ቤቱን ጥዬ" ይላል፣ እኔ ኮሚዩት ያደረግኩባቸውን ሶስት ዓመታት ስቆጥር በዓመት ሁለት ወር የሚሆን ጊዜ ኤርፖርት ወንበር ላይ ነው ያለፈው።

ለሰርጉ ግን አሁን መላ አለ። የሚያዝያ ፕሮግራም የሚመረጠው ማርች ውስጥ ነው፣ የቢድ (የፕሮግራም ምርጫው) መዝጊያ መቼ እንደሆነ ጠይቂውና ያቺን ቅዳሜ አንደኛ አድርጎ ያስገባት፣ ሌላውን ሁሉ ይልቀቅ፣ አንድ ነገር ብቻ የሚጠይቅ ጁኒየር አስር ነገር ከሚጠይቅ ጁኒየር ይሻላል። ካልሆነ ከሌላ ፓይለት ጋር ይለዋወጥ።

ሌላ ደሞ ፈረንጆቹ ያላወቁብን ነገር አለ። ዲሴምበር 25ን ሲኒየሮቹ ስለሚወስዱት እርሺው፣ እንዲያውም በፈቃዱ ይስራላቸው። የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፣ ያኔ ሁሉም ከበዓል ተመልሶ ኤርፖርቱ ጭር ብሏል፣ ማንም አይሻማበትም። እንቁጣጣሽም እንደዛው፣ መስከረም ላይ ማን ያርፋል። ፋሲካ ብቻ ነው የሚያስቸግረው፣ እሱም ከፈረንጆቹ ጋር በአንድ ቀን ሲውል እንደ 2025ቱ። በ2026 ግን የነሱ ኤፕሪል 5 ነው የኛ ኤፕሪል 12፣ ሳምንት ልዩነት አለው፣ ዶሮውን አስቢ።